ወረቀት አጥፎ መቁረጥ፦ የቻይና ገበሬ ሴቶች ሙያ

ወረቀት ለብዙ ነገር ይጠቅማል። ደብዳቤ ይጻፍበታል። ውል ይፈረምበታል። ባለ ሱቁ በርበሬና ስኳር ይጠቀልልበታል። በቻይና አገር ደግሞ ገበሬ ሴቶች ወረቀት እያጠፉ፣ በመቀስ እየቆረጡ፣ ለቤታቸው ጌጥ ይሠሩበታል። በዚህ ምንባብ ይህ ሙያ ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ትርጉሙ ምን እንደ ሆነና ከመጥፋት እንዴት እንደ ዳነ እንመለከታለን። በምንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

1. የመስኮት አበባ

ቻይና በጣም ሰፊ አገር ናት። በሰሜን በኩል ሻንሺ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። የሻንሺ ሰሜናዊ ክፍል ደጋማ ነው። አፈሩ ብጫ ነው። ዝናቡ ትንሽ ነው። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የሚዘራው እንደ ዳጉሳ ያለ ደቃቅ እህል ነው።

በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው ቤቱን ይሠራ የነበረው ከገደሉ ፊት ቆፍሮ ነው። አፈሩ ሲቆፈር ይታዘዛል፤ ከተቆፈረ በኋላ ግን ጸንቶ ይቆማል። እንዲህ ያለው ቤት በክረምት ይሞቃል፤ በበጋ ይቀዘቅዛል። ችግሩ ብርሃን ነው። ቤቱ ዋሻ ስለ ሆነ በጎንና በጀርባው መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በፊት ለፊቱ ብቻ ነው።

ድሮ የመስኮት መስታወት በገበሬ ቤት አይገኝም ነበር። ስለዚህ የመስኮቱን ቦታ ቀጫጭን እንጨት አጠላልፈው ይሠሩትና ነጭ ወረቀት ይለጥፉበታል። ወረቀቱ ነፋሱን ይከለክላል፤ ብርሃኑን ግን ያሳልፋል። ዓመቱን ሙሉ ጢስና አቧራ ስለሚያጠቁረው፣ የዘመን መለወጫ ሲደርስ አሮጌው ተልጦ አዲስ ይለጠፋል። የእነሱ የዘመን መለወጫ የሚውለው እኛ ዘንድ በጥር አጋማሽና በየካቲት አጋማሽ መካከል ነው።

በአዲሱ ነጭ ወረቀት ላይ ሴቶቹ ከቀይ ወረቀት የቆረጡትን ጌጥ ይለጥፋሉ። ወፍ፣ ዓሣ፣ በሬ፣ ዶሮ፣ የአበባ ሐረግ ይሆናል። ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ በወረቀቱ ያልፍና ቀዩ ጌጥ ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው ያበራል። ይህን ጌጥ በቋንቋቸው "የመስኮት አበባ" ይሉታል። ዛሬ በብዙ ቤት መስታወት ገብቷል። የመስኮቱ አበባ ግን አሁንም በመስታወቱ ላይ ይለጠፋል።

2. ሙያው ከየት መጣ?

ወረቀት መሥራት የተጀመረው በቻይና ነው። በ105 ዓመት ካይ ሉን የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም የተሻለ የወረቀት አሠራር ለንጉሡ እንዳቀረበ ተጽፏል። የተጠቀመው የዛፍ ልጣጭ፣ ቃጫ፣ አሮጌ ጨርቅና ያረጀ የዓሣ መረብ ነው። እነዚህን ቀጥቅጦና በውሃ አቡክቶ፣ በስሱ አንጥፎ ያደርቃቸዋል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት እየረከሰና እየበዛ ሄደ።

ታዲያ ቆርጦ ማስጌጥ ከወረቀት በፊትም ነበር። ባለጠጎቹ ቀጭን የወርቅ ቅጠልና ሐር እየቆረጡ ጌጥ ያደርጉ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ፣ ሴቶች አዲስ ዓመት በገባ በ7ኛው ቀን ሐርና የወርቅ ቅጠል በሰው አምሳል እየቆረጡ በራሳቸው ላይ ያደርጉ እንደ ነበር ይናገራል። ወርቅ ለደኻ አይገኝም። ወረቀት ሲረክስ ግን ጥበቡ ከባለጠጋው ቤት ወጥቶ ወደ ገበሬው ቤት ገባ።

እስካሁን ከተገኙት የወረቀት ጌጦች በጣም ያረጁት የተገኙት ቱርፓን በምትባል የምዕራብ ቻይና ከተማ አጠገብ ነው። አገሩ በረሃ ነው። በረሃ ውስጥ ወረቀት አይሻግትም፤ አይበሰብስም። በ1959 የጥንት መቃብሮች ሲቆፈሩ፣ ታጥፈው የተቆረጡ ክብ ወረቀቶች ወጡ። ዕድሜያቸው ወደ 1500 ዓመት ይጠጋል። በአንደኛው ላይ ጦጣዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በክቡ ዙሪያ ተሰልፈዋል። በሌላው ላይ ፈረሶች ጥንድ ሆነው ቆመዋል።

ጥንድ ጥንድ የሆኑት ለምንድር ነው? መልሱ ከአጠፋፉ ይገኛል። ወረቀት አጥፈን አንድ ጦጣ ብንቆርጥ፣ ስንዘረጋው ሁለት ይሆናል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የዞረ ነው። መስታወት ፊት የቆመ ሰው ከራሱ መልክ ጋር እንደሚተያይ ማለት ነው። እጥፋቱ ሁልጊዜ ጓደኛ ይወልዳል። የዛሬዋ ገበሬ ሴት የምትሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ከ960 እስከ 1279 በነበረው በሶንግ ነገሥታት ዘመን፣ ወረቀት በመቁረጥ ብቻ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች በከተማ ገበያ ነበሩ። ጂጆ በሚባል ቦታ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎችም የተቆረጠ ወረቀት በሻይ መጠጫው ላይ ለጥፈው ቀለም ያፈሱበት ነበር። ወረቀቱ ሲነሣ ቅርጹ በሸክላው ላይ ይቀራል። በከተማ ሙያው የወንዶችም ነበር፤ እነሱ ብዙ ወረቀት ደራርበው በስለት ይቆርጣሉ። በገጠር ግን ሙያው የሴቶች ሆኖ ኖረ። እናት ለልጇ፣ አማት ለምራቷ ታስተምራለች። ልጃገረድ ስትታጭ "መቀስ ላይ እንዴት ናት?" ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

3. አሠራሩ

ለሥራው የሚያስፈልገው ወረቀትና መቀስ ብቻ ነው። ዋናው ጥበብ ያለው በአጠፋፉ ነው።

ወረቀት አንድ ጊዜ ሲታጠፍ 2 ድርብ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 4 ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ 8፣ አራት ጊዜ ሲታጠፍ 16 ይሆናል። እያንዳንዱ እጥፋት ቁጥሩን እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አራት ጊዜ በታጠፈ ወረቀት ላይ አንድ ጦጣ የቆረጠ ሰው፣ ሲዘረጋው 16 ጦጣ ያገኛል። እነሱም 8 ጥንድ ናቸው።

በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። እንዲህ ነው የሚደረገው፦

ሀ. አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ወረቀት አዘጋጁ። ከአሮጌ ደብተር የተገነጠለም ይሆናል።

ለ. ወረቀቱን መኻል ለመኻል እጠፉት። እንደ ገና መኻል ለመኻል እጠፉትና ትንሽ አራት ማዕዘን ይሁን።

ሐ. እጥፋቶቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ጫፍ ፈልጉ። ይህ የወረቀቱ መኻል ነው። በዚያ ጫፍ በኩል ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ እጠፉት። አሁን ሦስት ማዕዘን ሆነ፤ 8 ድርብ አለው።

መ. ከመኻሉ ጫፍ ራቅ ያለውን ጠርዝ እንደ ጀንበር አክብባችሁ ቁረጡ።

ሠ. ከታጠፉት ሁለት ጎኖች ላይ ትንንሽ ቅርጾች እየቆረጣችሁ አውጡ። ግማሽ ቅጠል፣ ግማሽ ልብ፣ የጨረቃ ቅርጽ ሊሆን ይችላል።

ረ. ቀስ ብላችሁ ዘርጉት።

አንድ ሕግ መጠበቅ አለበት። የታጠፈው ጎን ጨርሶ መቆረጥ የለበትም። ከቀኝና ከግራ የሚመጡት ቁርጦችም መገናኘት የለባቸውም። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱ ይበታተናል። ስለዚህ ባለሙያዋ ስትቆርጥ የምታስበው ስለሚወጣው ብቻ ሳይሆን ስለሚቀረውም ነው። የዶሮው ጭራ አበባውን መንካት አለበት፤ አበባው ደግሞ ክቡን መንካት አለበት። ሁሉም ተያይዞ ይቆማል።

ጥሩ ባለሙያ በእርሳስ አትነድፍም። ቅርጹን በሐሳቧ ይዛ ዝም ብላ ትቆርጣለች። እኛ አገር ስፌት የምትሰፋ ሴት የሞሰቡን ሐረግ ወረቀት ላይ ሳትነድፍ፣ አለላውን እየቆጠረች እንደምታወጣው ማለት ነው።

4. ቅርጹ ምን ይናገራል?

የመስኮት አበባ እንዲሁ ለማማር ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ቅርጽ መልእክት አለው። እኛ ሰምና ወርቅ እንደምንለው፣ እነሱም አንድ ድምፅ ለሁለት ነገር የሚሆንበትን ቃል ይወዳሉ።

ዓሣ በቻይንኛ "ዩ" ይባላል። "የተረፈ፣ ከዓመት ዓመት የሚያደርስ" የሚለው ቃልም "ዩ" ነው። ስለዚህ በመስኮት ላይ ዓሣ የለጠፈች ሴት "ዘንድሮ እህል ይትረፈን" ማለቷ ነው። ወንዝ በራቀበት፣ ዝናብ ባነሰበት ደጋ ዓሣ በየመስኮቱ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ረኀብን የሚያውቅ ገበሬ ጎተራው እንዳይጎድል የሚመኘው ምኞት ነው። ዓሣው በውሃ ላይ ከሚያብብ "ልየን" ከሚባል አበባ ጋር ከተቆረጠ ደግሞ፣ የአበባው ስም "ሳይቋረጥ" ከሚል ቃል ጋር ስለሚገጥም፣ "ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ ይትረፈን" ማለት ይሆናል።

የሌሊት ወፍም እንዲሁ ናት። በእነሱ ቋንቋ ስሟ "ፉ" ከሚል ድምፅ ጋር የተያያዘ ነው፤ "ፉ" በረከት ማለትም ይሆናል። ስለዚህ የሌሊት ወፍ በመስኮት ላይ ስትለጠፍ ማንም አይደነግጥም።

ዝናብ ሲበዛና እህል በማሳ ላይ ሲበሰብስ፣ መጥረጊያ የያዘች ሴት ከወረቀት ተቆርጣ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ትንጠለጠል ነበር። ደመናውን ጠርጋ ሰማዩን ታጠራዋለች ይባላል። እጆቿን ወደ ላይ ያነሣች፣ ጠጉሯ በሁለት ጉንጉን የተሠራ ልጅ ተቆርጣ ስትለጠፍ ደግሞ ቤቱንና ልጆቹን ትጠብቃለች ይባላል። እነዚህ የድሮ እምነቶች ናቸው። ዝናብ በወረቀት አይቆምም። ነገር ግን የገበሬው ጭንቀት ምን እንደ ነበረ ከቅርጾቹ ማንበብ ይቻላል።

ለሠርግ የሚቆረጠው ቅርጽ የተለየ ነው። ቻይናውያን የሚጽፉት እንደኛ በፊደል አይደለም፤ ለየቃሉ ምልክት አላቸው። ለደስታ የሚሆን አንድ ምልክት አለ። ለሠርግ ይህ ምልክት ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ተጣብቆ ይጻፋል። "ድርብ ደስታ" ይባላል፤ አንዱ ለሙሽራው፣ አንዱ ለሙሽሪት። የምልክቱ ቀኝና ግራው እኩል ነው። ስለዚህ ቀይ ወረቀት ሁለት ጊዜ ወደ ጎን አጥፋ የምልክቱን ግማሽ የምትቆርጥ ሴት፣ ስትዘረጋው ሁለት ሙሉ ምልክት ታገኛለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ያችን ምልክት ትቆርጥ የነበረችው ገበሬ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ አትችልም ነበር። በ1949 በቻይና ከ100 ሰው 80 ያህሉ መሃይም ነበር። በገጠር ሴቶች ዘንድ ደግሞ ይብስ ነበር። ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት አትላክም ነበር። በእነሱ ጽሕፈት ማንበብ ለመማር ብዙ ምልክት ማጥናት ያስፈልጋል። በ1956 መንግሥታቸው ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ ገበሬ ከመሃይምነት ወጣ የሚባለው 1500 ምልክት ሲያውቅ ነበር። እኛ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው ስናጠና 231 እንደ ሆኑ እናስታውስ። እንግዲህ ያች ሴት በብዕር መጻፍ ባትችልም ምኞቷን በመቀስ ትናገር ነበር።

5. በጥላሸት መገልበጥ

የመስኮት አበባ ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐይ ያደበዝዘዋል። በዓመቱ ከአሮጌው ወረቀት ጋር ተልጦ ይጣላል። ታዲያ በየዓመቱ የሚጣል ነገር ቅርጹ ለዘመናት እንዴት ቆየ?

ሴቶቹ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ደስ ያላቸውን ቅርጽ ከጎረቤት ይዋሳሉ። በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡትና ውሃ አርከፍክፈው ያጣብቁታል። ከዚያም ወረቀቱን በኩራዝ ጢስ ላይ ይይዙታል። ጥላሸቱ ያልተሸፈነውን ሁሉ ያጠቁረዋል። ከደረቀ በኋላ የተዋሱት ቅርጽ ሲነሣ፣ ከሥሩ ነጭ ምስሉ ይቀራል። የተዋሱትን ለባለቤቱ ይመልሳሉ፤ የጢሱን ግልባጭ ግን ያስቀምጡታል። በሚመጣው ዓመት ቀይ ወረቀት ከሥሩ አድርገው በዚያው ላይ ይቆርጣሉ።

እንዲህ እየሆነ አንድ ቅርጽ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። ሴት ልጅ ስታገባ ግልባጮቿን ይዛ ትሄዳለች፤ ቅርጹም ከመንደር ወደ መንደር ይሻገራል። ቅርጹ በመስኮት ብቻ አይቀርም። በጨርቅ ላይ ተለጥፎ በክር ይጠለፍበታል። የጫማ ላይ አበባ፣ የትራስ ጥልፍ፣ የሕፃን ልብስ ጌጥ ይሆናል።

ሆኖም ግልባጩ አንድ ነገር አልያዘም። መጀመሪያ ያወጣችው ሴት ማን እንደ ነበረች አይናገርም። ስሟ አልተጻፈም። የቅርጹ ትርጉምም በቃል ካልተነገረ በቀር ከባለሙያዋ ጋር ይቀበራል።

6. ሊጠፋ ሲል

በ1940ዎቹ ዓመታት በሰሜን ሻንሺ በየንአን ከተማ የነበሩ ሠዓሊዎች የገበሬዎቹን የመስኮት አበባ እያዩ ተደነቁ፤ መሰብሰብም ጀመሩ። ጉ ዩዋን የተባለው ሠዓሊ በዚያው መንገድ እህል ሲጫን፣ አሳማ ሲቀለብ የሚያሳዩ አዳዲስ ቅርጾች ሠራ። በ1949 ገጣሚው አይ ቺንግና ሠዓሊው ጂያንግ ፌንግ የሰበሰቧቸው ቅርጾች በመጽሐፍ ታተሙ።

በኋላ ግን ክፉ ጊዜ መጣ። ከ1966 እስከ 1976 በነበረው የባህል አብዮት ዘመን "አሮጌ ልማድ ይጥፋ" ተባለ። ጥንታዊ ቅርጾች እንደ አጉል እምነት ተቆጠሩ። ብዙ ግልባጮች ተቃጠሉ። ብዙ ሴቶች ያን ቅርጽ መቁረጥ ተዉ። ልጆችም ሳይማሩት አደጉ።

ያ ዘመን ካለፈ በኋላ በ1979 እና በ1980 በየንአን አካባቢ የሚሠሩ የባህል ሠራተኞች፣ ሠዓሊው ጂን ዢሊንም ከእነሱ ጋር ሆኖ፣ በየመንደሩ እየዞሩ ባለሙያ ሴቶችን ፈለጉ። አንሳይ በሚባለው ወረዳ ብዙ ባልቴቶችን አገኙ። ወረቀቱ ቢቃጠልም ቅርጹ በእነዚያ አያቶች ሐሳብ ውስጥ ነበር። መቀስ ሲሰጣቸው ቆረጡት። አንዲት ባልቴት በሬ ሲያርስ የሚያሳይ ቅርጽ ቆረጡ። ይህም ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያው አገር በድንጋይ ላይ ከተቀረጸ የእርሻ ሥዕል ጋር እንደሚመሳሰል ሊቃውንቱ አስተዋሉ። በ1980 የየንአን አካባቢ ሴቶች ሥራ በዋና ከተማው በቤጂንግ ለሕዝብ ታየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰሜን ሻንሺ የሄዱ አያቶች በቤጂንግ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ለተማሪዎች ሙያቸውን አሳዩ።

ከታወቁት ባለሙያዎች መካከል ኩ ሹላን የተባሉ የሻንሺ ገበሬ እናት ይገኙበታል። የተወለዱት በ1920 ነው። ልዩ ልዩ ቀለም ያለውን ወረቀት እየቆረጡና እየደራረቡ የቤታቸውን ግድግዳ ይሸፍኑ ነበር። በ1996 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ማለት ዩኔስኮ፣ የሕዝብ ጥበብ ባለሙያ የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ያረፉት በ2004 ነው። በ2009 ደግሞ ዩኔስኮ የቻይናን የወረቀት መቁረጥ ሙያ በዓለም ሕዝቦች የባህል ቅርስ መዝገብ ውስጥ ጻፈው። በየዓመቱ ተልጦ ይጣል የነበረው የመስኮት አበባ በዓለም መዝገብ ገባ ማለት ነው።

7. ምን እንማራለን?

ሙያው የዳነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው እጅ ነው። እናት ለልጇ ባታስተምር ኖሮ መዝጋቢው የሚያገኘው ነገር አይኖርም ነበር። ሁለተኛው ጽሕፈት ነው። ባለሙያዋ በሕይወት ሳለች ስሟን፣ የቅርጹን መጠሪያና ትርጉሙን የጻፈላት ሰው ተገኘ። ሰብሳቢዎቹ ሳይደርሱላቸው የሞቱት ሴቶች ያወቁት ግን አብሯቸው ሄዷል።

እኛም አገር እንዲህ ያለ ሙያ አለ። የሞሰብና የአገልግል ስፌት፣ የቀሚስ ጥልፍ፣ የጥበብ ሸማ፣ የሸክላ ጌጥ አለ። እያንዳንዱ ሐረግ የራሱ ስም አለው። ስሙን የሚያውቁት ግን ብዙ ጊዜ እናቶችና አያቶች ናቸው። ድሮ "ማን ይጽፈዋል?" ይባል ነበር። ዛሬ በቤቱ ውስጥ መጻፍ የሚችል ሰው አለ። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። አያትን መጠየቅ፣ የሐረጉን ስም መጻፍ፣ አሠራሩን በተራ መዘርዘር፣ የባለሙያዋን ስምና የቀበሌዋን ስም ከሥሩ ማስፈር ነው። የጢሱ ግልባጭ ያልያዘውን ስም ደብተሩ ይይዘዋል።

ጥያቄዎች

1. በሰሜን ሻንሺ ቤቶች ብርሃን የሚገባው በየት በኩል ነው? ለምን?
2. በ1959 በቱርፓን አጠገብ ምን ተገኘ? ወረቀቱ ሳይበሰብስ የቆየው ለምንድር ነው?
3. ወረቀት አምስት ጊዜ ቢታጠፍ ስንት ድርብ ይሆናል? አስሉ።
4. ወረቀት ሲቆረጥ የታጠፈው ጎን ጨርሶ የማይቆረጠው ለምንድር ነው?
5. ገበሬዋ ሴት በመስኮቷ ላይ ዓሣ የምትለጥፈው ምን ለማለት ነው?
6. በኩራዝ ጥላሸት እንዴት እንደሚገለበጥ በራሳችሁ ቃል ጻፉ።
7. በአካባቢያችሁ ከሚሠራ ስፌት ወይም ጥልፍ የአንዱን ሐረግ ስም፣ አሠራሩንና ያስተማረቻችሁን ሴት ስም ጽፋችሁ ለቤተሰባችሁ አንብቡ።